ለክቡር ራዲያተር (የቤት ማሞቂያ)፤ መኝታ ቤት፣ ብሮንክስ፣ ኒው ዮርክ

ጉዳዩ፦ ሙቀት እንዲቀነስልኝ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፤

ይህን ማመልከቻ የምጽፈው በጥር ወር፣ ውጭ በረዶ እየጣለ፣ በካናቴራ ሆኜ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፍቼ ነው። እናቴ ስትደውል «ብርዱ እንዴት ነው?» ትለኛለች። «ላብ አጥምቆኛል» ስላት ትኩሳት የያዘኝ መስሏት ጸበል ትልክልኛለች። ያስያዘችኝ ጋቢ ከሻንጣ ሳይወጣ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል።

ሌሊት 9 ሰዓት ሲሆን ቱቦዎን እንደ አንጥረኛ ይቀጠቅጡታል፤ ከዚያ ሊገነፍል እንደ ደረሰ ጀበና ያፏጫሉ። ቁልፍዎን እንዳልዘጋው በላዩ ላይ የተደራረበው ቀለም ከብረቱ ጋር አጋብቶታል። በፒንሳ ታግዬ እስከ ግማሽ ባዞረው መቀጥቀጡ ባሰ። ለካ እንፋሎቱ በሚገባበት በዚያው ቱቦ ውሃው የሚመለስበት የእርስዎ ዓይነት ማሞቂያ ወይ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። መካከል አያውቅም፤ አንዳንድ ዘመዶቼን አስታወሱኝ።

ውለታዎን ግን አልክድም። እሁድ የተረፈኝን እንጀራ ጀርባዎ ላይ ሳሰጣው ሰኞ ማታ ድርቆሽ ሆኖ ይጠብቀኛል።

የዘር ሐረግዎንም አጣርቻለሁ። የማሞቂያ ታሪክ የሚያውቁ ሰዎች እንደሚሉት፣ እ.ኤ.አ. ከ1918ቱ ወረርሽኝ በኋላ ንጹሕ አየር እንዲገባ መስኮት ከፍቶ መተኛት ስለተመከረ፣ መሐንዲሶቹ መስኮቱ ተከፍቶም ቤቱን የሚያሞቅ ቦይለር (ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚሰጥ ማሽን) ይተክሉ ነበር። ወረርሽኙ እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው ማለት ነው። አገር ቤት በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ታጥኖ ይታለፋል፤ እዚህ ግን ከጥቅምት እስከ ግንቦት የሚታጠነው ተከራይ ነው።

ወደ ሕጉ ልምጣ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 97 ትልልቅ ሕንፃዎች የሚለቁትን ካርቦን በ2030 በ40 በመቶ ለመቀነስ፣ በ2050 ደግሞ የተጣራ ዜሮ (የሚለቁትና የሚያካክሱት እኩል እንዲሆን) ለማድረስ ቆርጣለች። የተፈቀደለትን የካርቦን መጠን ያለፈ ሕንፃ በትርፍ ቶን 268 ዶላር ይቀጣል። ኪራያቸው በመንግሥት ለተገደበ እንደ እኛ ላሉት ሕንፃዎች ግን ቀለል ያለ መንገድ ተከፍቶ ነበር፦ ባለቤቱ እስከ 2024 ማብቂያ 13 ጥገናዎችን ካከናወነ ይበቃው ነበር። ቱቦዎችን መሸፈን፣ የሚያፈሰውን መጠገን፣ በየራዲያተሩ ላይ የሙቀት መቆጣጠሪያ መግጠም፣ ከየራዲያተሩ ጀርባ ሙቀት የሚመልስ ንጣፍ መለጠፍ ከነዚሁ ውስጥ ናቸው።

በስልኬ መብራት ጀርባዎን ፈተሽኩ። ያገኘሁት አንድ እግር ካልሲ፣ የሃያ አምስት ሳንቲም ሽርፍራፊና አቧራ ነው። ከ13ቱ አንዱ መብራት መቀየር ስለሆነ የደረጃው አምፖል ግን በአዲስ ተተክቷል፤ ላቤን እየጠረግሁ ስወርድ ጎረቤት ሁሉ ጥርት አድርጎ ያየኛል።

በመግቢያው በር ላይ «ዲ» የሚል ትልቅ ፊደል ተለጥፏል፤ የኃይል አጠቃቀማችን ውጤት ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው የአጎቴ ልጅ «ብሎክ ዲ ነው እንዴ የምትኖረው?» አለኝ። የኮንዶሚኒየም ልጅ ነው፤ አልፈረድኩበትም።

የሚገርመው ስለ ሙቀት ያለው ደንብ ነው። በማሞቂያ ወቅት ቀን ውጭው ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ፣ ቤት ውስጥ ቢያንስ 20 ዲግሪ እንዲሆን ያዛል። ቢያንስ! ቢበዛ የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ። በረደኝ ብል መብቴ ነው፤ ነደድኩ ብል ጠገበ እባላለሁ።

ስለዚህ መቆጣጠሪያው እስኪገጠምልዎ ድረስ የመቆጣጠሪያውን ሥራ መስኮቱ በተጠባባቂነት ደርቦ እንዲሠራ የወሰንኩ መሆኑን በአክብሮት አስታውቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ታጣኙ፣ አራተኛ ፎቅ

ግልባጭ፦
ለሕንፃው ባለቤት (አምፖሉ ሥር ቆመው እንዲያነቡት)
ለመስኮቱ (እስከ ሚያዝያ እንዳይዘጋ)
ለእናቴ (ጸበሉ ደርሶኛል፤ በመንገድ ላይ ቀዝቅዞ ስለነበር ጠቅሞኛል)