አረቄን ትቶ ለሞተ ሰው የአረቄ ተዝካር?

የአሸዋ ሜዳ፣ የከታ፣ የቡራዩ፣ እስከ ገፈርሳ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ጨምሬ ነው የምቆጣው። እኔም እዚያ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ነበርና።

በቅርቡ የአንድ ሰው አርባ ወጣ። ስሙን አልጠራም፤ በሕይወቱም ስሜ ይነሳልኝ ያለ ሰው አልነበረም። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ድሮ ከአረቄ ቤት ደጃፍ አንስተን፣ ተሸክመን ቤቱ ያስገባነው ነው። ኋላ ግን 16 ዓመት አንዲት መለኪያ ሳይቀምስ ኖረ። ሐሙስ ማታ የዕድሩን ዕቃ ቤት ይከፍታል። ብረት ድስቱንና አግዳሚውን ወደ ጥግ ይገፋና እንደሱ የሆኑትን ይሰበስባል። ቡና ይፈላል። ተራ በተራ ይናገራሉ። ስብከት የለም። አንዱ "ዛሬ ሰባተኛ ቀኔ ነው" ሲል "በርታ" ይባላል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሞኝ ግን አልነበረም። ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ቀን ሲያቆም ይንቀጠቀጣል፣ ይቃዣል፣ አንዳንዴም ይጥለዋል፤ ሊሞትም ይችላል። ይህን ስለሚያውቅ እንዲህ ያለውን መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ነበር የሚወስደው። የታክሲውን ከኪሱ ከፍሎ እስከ አማኑኤል ሆስፒታል። ጸበል የሚሻውን ደግሞ እንጦጦ ያደርሰዋል። ሁለቱን አጣልቶ አያውቅም።

እና የዚህን ሰው አርባ በምን አወጣነው? በጠላና በአረቄ! ሚስቱ "አልጠምቅም" ብላ ነበር። "ሰው ምን ይላል?" ብለን አስጠመቅናት። አረቄው ደግሞ የደብረ ብርሃን ነው እየተባለ ሲወደስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የሐሙስ ልጆቹ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። አንደኛው ወጣት መጠጥ ካቆመ 11 ወሩ ነው። ቀጂዋ ስትደርስ ጣሳውን በእጁ ከደነ። ከዚያማ አለቀለት። "ለነፍሱ አትጠጣም?" አለው አንዱ። "እንዲያ ሲወድህ ኖሮ!" አለች ሌላዋ። "አንዲት ጣሳ ምን ታደርግሃለች?" አለው ሦስተኛው፣ የገዛ አጎቱ። ልጁ ጠጣ። እያየሁ ዝም አልኩ። ማታውን ግሮሰሪ ታየ። በሳምንቱ ወደ ጫቱም ተመለሰ፣ ከጫቱ በኋላ ወደ ጨብሲው።

ሰውዬው የሐሙሱን ነገር ከሜዳ አላመጣውም። አክረን በምትባል የአሜሪካ ከተማ የተጀመረ ነው። ዘመኑ በእኛ 1927፣ ጣልያን ሊወረን ጥቂት ወራት ሲቀሩት። ቢል ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ የአክሲዮን ሰው ለሥራ ወደዚያ ሄዶ ሥራው ከሸፈበት። መጠጥ ካቆመ ገና ወራት ነው። ያረፈበት ሆቴል ውስጥ በአንድ በኩል የመጠጥ ቤቱ ሳቅና ጫጫታ፣ በሌላ በኩል ስልክ። ወደ ስልኩ ሄደ። አንድ ቄስ ዘንድ ደውሎ የሚያወራው ሌላ ጠጪ ፈለገ። ፈውሰኝ የሚለው ሐኪም አልነበረም የፈለገው፤ ችግሩ እንደሱ የሆነ ሰው ነው። ዶክተር ቦብ ስሚዝ የተባለ ቀዶ ሐኪም ተገኘለት። ቦብ እያንገራገረ 15 ደቂቃ ብቻ ሰጠው። ከስድስት ሰዓት በላይ አወሩ። ቦብ ከዚያም በኋላ አንድ ጊዜ ወድቋል። የመጨረሻውን መጠጥ የጠጣው ሰኔ 3 ቀን ነው፤ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ (ስማቸውን የማይገልጹ ጠጪዎች እንደ ማለት) የሚባለው ማኅበራቸው ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያች ቀን ነው።

ያን ጊዜ ሆስፒታሎች ሰካራም አስተኝተው ማከም አይወዱም ነበር። እህት ኢግናሺያ የምትባል መነኩሲት በእኛ በ1931 የቦብን በሽተኛ የጨጓራ ሕመምተኛ ብላ መዝግባ አስተኛችው። ትንሽ ውሸት ናት፤ እግዜር ይቅር እንዳላት እገምታለሁ።

ይህን የማነሳው ስለወደቀው ልጅ ነው። አሁን "አላልኳችሁም!" የምትሉ በዝታችኋል። ቢልን ከመጠጥ እንዲወጣ የሳበው ኤቢ ታቸር የሚባል የድሮ ጓደኛው ነበር። ኤቢ ራሱ ኋላ ብዙ ጊዜ ወድቆ ተነሥቷል። ቢል ግን መንገዱን ያሳየኝ እሱ ነው ከማለት አልቦዘነም። እኛ ልጁን ራሳችን ገፍተን ጥለነው ደግሞ እንሥቅበታለን።

አንዳንዶቻችሁ "ሰውዬው ስሙ እንዲነሳ አይፈልግም ነበር፣ ለዚህ ነው በቀብሩ ዕለት ያላነሳነው" ብላችሁኛል። እስቲ እንነጋገር። ዶክተር ቦብ ኅዳር 7 ቀን 1943 ሲያርፍ መቃብሩ ላይ ስለ ማኅበሩ አንድ ቃል አልተጻፈም። ወዳጆቹ ሐውልት ሊያሠሩ ሲያስቡ እንደ ማንኛውም ሰው ልቀበር ያለው ራሱ ነው። ቢልም ጥር 16 ቀን 1963 ሲሞት እንደዚያው ሆነ። ሥራቸው ግን አልተቀበረም። ስብሰባው በማግስቱም ነበር። እኛ በቀብሩ ላይ ያነበብነው የሕይወት ታሪክ "ትዳር መሠረተ፣ የልጆች አባት ሆነ፣ በዕድሩ በታማኝነት አገለገለ" ይላል። ያ 16 ዓመት የት ገባ? ስሙን ጠብቀንለት አይደለም። አፍረንበት ነው። ጠጪ ነበር ከማለት፣ ስንቱን ከጠጪነት ያወጣ መሆኑን መዋጥ ቀለለን።

አዋጅ 1112/2011 የቢራን ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጥቷል። ዕድሜው 21 ላልሞላውም አትሽጡ ይላል። ለቅሶ ቤት ግን አዋጅ አይገባም። እዚያ የምናዘው እኛ ነን። ስለዚህ ለሙት ዓመቱ ብቅል የሚያበቅል ሰው እንዳላይ። ብርዝ አለ፣ ቃሪቦ አለ፣ ቡና አለ። ያልጠጣ ነፍስ ይማር ማለት አይችልም ያለ ቄስም አላውቅም፤ ካለ አምጡልኝ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ሰውዬው ካረፈ ወዲህ የዕድሩ ዕቃ ቤት ሐሙስ ማታ ተከፍቶ አያውቅም። "ድስት ይጠፋል" ተባለ። በ16 ዓመት አንድ ሲኒ አልጠፋም። ልጆቹ ሁለት ሐሙስ መጥተው፣ በሩ ላይ ቆመው ተመልሰዋል። ቁልፉ ዳኛው ቤት ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ዛሬ ማክሰኞ ነው።