«አልተመረጠም» ብሎ መሸኘት ይቅር

አምና ኅዳር ላይ ነው። ቦራን በጓሳ ሣር ገመድ ይዤ ከእናቴ ጋር አውራ በግ ወደሚመረጥበት ሜዳ ወጣሁ። ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልተነሳም ነበር። ቦራ ጠቦት ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ አለው፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። የቀረው ሰውነቱ ጥርት ያለ ቀይ ነው። ሌሊቱን ሁለት ጊዜ ተነስቼ አይቼዋለሁ። ጠዋት ጭቃውን ከእግሩ አጥቤ፣ ጸጉሩን በጣቴ አፍታትቼ ነው ያወጣሁት። መንገድ ላይ ያየን ሁሉ «ይሄማ ያልፋል» ሲለን ልቤ ሞላ።

አላለፈም።

ሥራዬ ደብረ ብርሃን ነው። እናቴ መንዝ ናት፤ በጎቹም እሷ ዘንድ ናቸው። መንገዱ ሲከፈት በጣርማ በር በኩል እየሄድኩ አያቸዋለሁ። ወጪው የኔ፣ ድካሙ የሷ ነው። በግ ከያዝን ሦስት ዓመታችን ነው። ለምርጫ ስናቀርብ ግን የመጀመሪያችን ነበር። ስለዚህ የምጽፈው እንደ ጀማሪ ነው። ያን ቀን ያዘንኩትን ያህል በእንስሳ ምክንያት አዝኜ አላውቅም።

ነገሩን ለማያውቅ በአጭሩ ላስረዳ። የመንዝ በግ ትንሽ ነው፤ ብርድና የግጦሽ ማነስ በመቻል ግን የታወቀ ነው። ላቱ አጭር፣ ጸጉሩ ሻካራ ነው። ባናው የሚሠራው ከሱ ጸጉር ነው። የድሮው ችግር ምን ነበር? ቶሎ የሚያድገው ጠቦት ቶሎ ገበያ ይወጣል። ዓውደ ዓመት ሲመጣ የሚሸጠው ደንዳናው ነው። መንጋው ውስጥ ቀርቶ እናት በጎችን የሚያስረግዘው ገዢ ያጣው ኮሳሳ ይሆናል። እንዲህ እየሆነ በጉ ከትውልድ ትውልድ እያነሰ ይሄዳል። ይህን ለመቀየር በ2001 ዓ.ም. ገደማ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፍ ተቋማት ጋር ሆኖ መንዝ ውስጥ አንድ ሥራ ጀመረ። አርቢዎች በማኅበር ይደራጃሉ። ግልገል ሲወለድ የጆሮ ቁጥር ይሰጠዋል። የተወለደበት ቀን፣ እናቱ፣ ክብደቱ ይመዘገባል። ከዚያ ጠቦቶቹ በአንድ ቀን ተሰብስበው ለአውራነት ይመረጣሉ። መጀመሪያ መዝገቡ ይለያል፤ ቀጥሎ የአርቢው ዓይን። ለምሳሌ 15 አውራ ከተፈለገ፣ በመዝገቡ የተሻሉት 20 ይቀርባሉ። አምስቱን ደግሞ አርቢዎቹ ራሳቸው መልኩን፣ ቀንዱን፣ ላቱን፣ ቁመናውን አይተው ያስወጣሉ። የተመረጠው አውራ የጋራ ሆኖ ያገለግላል። ያልተመረጠው ይሸጣል፤ ወይ ተኮላሽቶ ይሰባል። እኛም የገባንበት ማኅበር በዚሁ መንገድ የሚሠራ ነው።

ያን ቀን ኮሚቴው የጠቦቶቹን ጀርባ ዳሰሰ። ጥርስ አየ፤ ቆለጥ አየ። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ቦራ ጀርባ ላይ አሳርፈው ፈገግ አሉ። «በቃ አለፈ» አልኩ በሆዴ። ከዚያ ቁጥር መጠራት ተጀመረ። ተጠርቶ አለቀ። የኛ የለም። «የኛስ?» ብዬ ጠየቅሁ። የተመለሰልኝ አንድ ቃል ነው። «አልተመረጠም።»

ስንመለስ እናቴ አንድም ቃል አልተናገረችም። እኔ ግን ቤት እስክንደርስ ስነጫነጭ ነበር። «ሁሉንም እንሽጣቸው» አልኳት። ማታ ለቦራ የለመደውን የገብስ ብቅል ሳልሰጠው አደርኩ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያመኛል። እናቴ አይታኝ «እሱ ደግሞ ምን አደረገሽ?» አለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይኸው ነው። በማግስቱ ደግሞ ቡና ላይ ለጎረቤቱ ሁሉ «ዘመዳቸውን ነው የመረጡት» እያልኩ አወራሁ። ከተመረጡት ጠቦቶች የአንዱ ባለቤት የአንድ ኮሚቴ አባል አማች ስለነበር ማስረጃ ያገኘሁ መሰለኝ። ያ ጠቦት ከቦራ በዓይን ያንስ ነበር። ሁሉም ሰው አይቶታል።

አሁን ወደ ወንድሜ ልውሰዳችሁ። ታናሼ ነው፤ እንግሊዝ አገር ይኖራል። እዚያ ውሻ ይዟል፤ ባሴንጂ የሚባል ዝርያ። የኮንጎ ውሻ ነው። ጆሮው የቆመ፣ ጅራቱ የተጠቀለለ፣ ግንባሩ የተሸበሸበ ነው። እንደ ሌላው ውሻ አይጮህም፤ የሚያንጎራጉር ነው የሚመስለው። ወንድሜ የወደደው የሰፈራችንን ውሾች ስለሚያስታውሰው ነው። በዚያው በኛ ኅዳር እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ የውሻ ትርዒት ላይ አቀረበው።

መንዝ ላይ ውሻ ማለት ሌሊት ጅብና ቀበሮ የሚመልስ ነው። ውሻ ለመታየት ተሰልፎ መቆሙ ለእናቴ እስካሁን አልገባትም። አሠራሩ ግን ከኛው ምርጫ ጋር በጣም ይቀራረባል። እያንዳንዱ ዝርያ «እንዲህ ሆኖ ሲገኝ ነው» የሚል የተጻፈ መለኪያ አለው። ዳኛው ውሾቹን የሚያየው በዚያ መለኪያ ነው። ባሴንጂ ጠረጴዛ ላይ ይቆማል። ዳኛው ጥርሱን ያያል፤ ትከሻውንና ጀርባውን ይዳስሳል። ከዚያ ባለቤቱ ገመዱን ይዞ አብሮት ይሮጣል፤ አረማመዱ ይታያል። ከባሴንጂ የሚፈለገው ረጅም፣ የማይደክም እርምጃ ነው።

አራት ውሾች ቀረቡ። የወንድሜ አራተኛ ወጣ።

ማታ ደወለልኝ። «እታለም፣ አፈርኩ» አለኝ። እኔም የራሴን ነገርኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ እኔ ኮሚቴውን፣ እሱ ዳኛዋን ስናማ አመሸን። ስለ ዘመድ መምረጥ ሳነሳበት አንድ ታሪክ አጫወተኝ። በዘመናዊ መልክ የተዘጋጀ የመጀመሪያው የውሻ ትርዒት የሚባለው በፈረንጆቹ 1859 ኒውካስል ከተማ የተካሄደው ነው። 60 ያህል የአደን ውሾች ቀረቡ፤ ሁለት ዝርያ ብቻ። ሽልማቱ ጠመንጃ ነበር። ታዲያ አንዱን ዝርያ ከዳኙት የአንዱ ውሻ በሌላኛው ዝርያ አሸነፈ። ሌላኛውን ከዳኙት ደግሞ የአንዱ ውሻ በዚህኛው አሸነፈ። ውሾቹ በእርግጥ የተሻሉ ይሁኑ አይሁኑ፣ የተሸነፈው ሰው ምን እያለ ወደ ቤቱ እንደሄደ መገመት አይከብድም። ምክንያት ያልተነገረው ሰው ምክንያት ይፈጥራል። እኔም የፈጠርኩት ያንኑ ነው።

ወንድሜ ግን ስልኩን ሊዘጋ ሲል አንድ ነገር ጨመረ። ውድድሩ ካለቀ በኋላ ዳኛዋን አመስግኖ «ምን ጎደለኝ?» ብሎ ጠይቋት ነበር። እሷም «ውሻህ ጥሩ ነው፤ አንተ ግን ታስቸኩለዋለህ። ስትሮጥበት ይዘላል፤ እርምጃውን ማየት አልቻልኩም» አለችው። ይህን ሰምቶ ይበልጥ አፈረ። ሆኖም ስልኩን ሲዘጋ ነገ የሚሠራው ነገር ነበረው። እኔ ስዘጋ በእጄ የቀረው ቂም ብቻ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እኔም ጠየቅሁ። እውነቱን ለመናገር ሄጄ የነበረው ከማኅበሩ እንደምንወጣ ለመናገር ነው። መዝጋቢው ወጣት ልጅ ነው። ዝም ብሎ መዝገቡን ከፈተና የሁለቱን ጠቦቶች መስመር በጣቱ አሳየኝ። ቦራ በስድስት ወሩ 17 ኪሎ። ያኛው 15። «ይኸው! የኛ አይበልጥም እንዴ?» አልኩት። «ወደዚህ ተመልከቺ» አለኝ። ያ ጠቦት መንታ ነው። አንድ ጡት ለሁለት ተካፍሎ ነው ያደገው። ቦራ ብቻውን ተወልዶ፣ የእናቱን ወተት ለብቻው ጠጥቶ፣ በላዩ ላይ የኔን ብቅል በልቶ ነው 17 የደረሰው። ሲሰላ ያኛው ይበልጣል። አውራ የሚፈለገው ለሚወልዳቸው ግልገሎች ነው። ብቅሉ ደግሞ ወደ ግልገል አይተላለፍም።

ተቀምጬ ቀረሁ። ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ነበር። ሜዳው ላይ «ያኛው መንታ ስለሆነ ነው» ብሎ አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ የሰው ስም አላጠፋም ነበር። የአማችየውን ቤት አንኳኩቼ ይቅርታ ጠየቅሁ። ቀላል አልነበረም።

የምለው ይህ ነው። ምርጫ ላይ ለወደቀ ሁሉ፣ በተለይ ለጀማሪ፣ ምክንያቱ ይነገረው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «ላቱ ጠማማ ነው።» «የታች ጥርሱ ወጣ ይላል።» «እናቱና አባቱ ዘመዳሞች ናቸው።» መዝገቡ አለ፤ ምክንያቱም እዚያው ተጽፏል። ሠላሳ ጠቦት ቢወድቅ ለሠላሳ ሰው መንገር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ይህን ለአንድ የኮሚቴ ሽማግሌ አንስቼላቸው ነበር። ቦራን ዳስሰው ፈገግ ያሉት እሳቸው ናቸው። መልሳቸው ለካ ያላሰብኩት ነው። «ልጄ፣ የሰው ከብት በአደባባይ አይነቀፍም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኛ ጋ የሰው በሬ ወይ በግ አይተው ጉድለቱን መናገር ነውር ነው፤ ባለቤቱን እንደ መስደብ ይቆጠራል። ዝም ያሉት ሊያከብሩኝ ፈልገው ነው። እኔ ደግሞ ዝምታቸውን ንቀት አድርጌ ወሰድኩት። ይህ ጨዋነት እንዲጠፋ አልፈልግም። ግን በአደባባይ ባይሆን ወደ ጎን ወስዶ በጆሮ መንገር ይቻላል።

ውሻ የሚያሳዩት ሰዎች በዚህ ላይ ረጅም ልምድ አላቸው፤ አሠራራቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በፈረንጆቹ 1911 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የውሻ ማኅበራት ፌዴሬሽን በሚመራቸው ብዙ የአውሮፓ ትርዒቶች፣ ዳኛው ስለ እያንዳንዱ ውሻ ያየውን ያስጽፋል፤ የደረጃ ስምም ይሰጠዋል። የወደቀውም ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል። እንግሊዞቹ ብዙውን ጊዜ የሚጽፉት ከፊት ለወጡት ነው። ስለዚህ ወንድሜ ራሱ መጠየቅ ነበረበት። አሜሪካ ውስጥ መጻፉ የተለመደ አይደለም። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። የወረቀቱ ጥቅም ለወደቀው ይበልጣል።

«ሰው ቢከፋው ምን ይደረጋል፤ ይለምደዋል» የሚል ይኖራል። አይለምደውም፤ ይሄዳል። ከኛ ጋር የገባ አንድ የሰፈራችን ወጣት ጠቦቱ ሲወድቅበት በሳምንቱ ከማኅበሩ ወጣ። አሥራ ሁለት እናት በግ ነበረው። የነሱ ግልገል ከአሁን በኋላ አይመዘንም፤ አይመዘገብም። ደህናው ጠቦት እንደ ድሮው ለገና ገበያ ይወጣል። ሥራው በሙሉ የቆመው ሰዎች ደህናውን ጠቦት ሳይሸጡ በመጠበቃቸው ላይ ነው። የአንድ ጀማሪ ማዘን የግሉ ጉዳይ ሆኖ የማይቀረው ለዚህ ነው።

ለጀማሪውም የምለው አለኝ። በዚያው ቀን ምንም አትወስን። አትሽጥ፤ አታኮላሽ፤ ከማኅበር አትውጣ። ሐዘን የያዘው ሰው መጥፎ ነጋዴ ነው። እንስሳው ላይ ደግሞ አትጨክን፤ ምን እንደተፈረደበት አያውቅም። የለመደውን ስጠው። ከዚያ የተመረጠውን ሂድና እይ። እኔ ይህን ሳደርግ ያ መንታ ጠቦት እግሩ እንዴት ቀጥ ብሎ እንደሚቆም ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ሜዳው ላይ አጠገቤ ቆሞ አላየሁትም ነበር፤ ዓይኔ የነበረው ቦራ ላይ ብቻ ነው። የራስን መውደድ ጥሩ ነው። ቦራን አሁንም ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ። ለአውራነት የተሻለው ግን ያኛው ነበር። ሁለቱም አብረው ልቤ ውስጥ እስኪቀመጡ ጊዜ ወሰደብኝ።

ቦራ ተኮላሽቷል። ሙክት ሆኖ እናቴ ደጅ ላይ ይውላል። ለፋሲካ ልንሸጠው ነበር፤ እናቴ አልሆነላትም። ወንድሜ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ትርዒት አለው። ሰሞኑን በየማታው መናፈሻ እየወጣ ከውሻው ጋር ቀስ ብሎ መሮጥ እየተለማመደ ነው። ገመዱን ማላላት ከብዶት እንደነበር ነግሮኛል።

እኛ ጋ ደግሞ ሰኔ ላይ አንዷ በግ መንታ ወለደች። አንዱ ወንድ ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ የለውም። ስም አላወጣንለትም፤ በጆሮ ቁጥሩ ነው የምንጠራው። ኅዳር ላይ ይዤው እወጣለሁ። ሳይጠራ ከቀረ መዝጋቢውን ወደ ጎን እጠራውና የሱን መስመር በጣቱ እንዲያሳየኝ እጠይቀዋለሁ።