ላቦራቶሪ ሳያስገቡ የላብ ፈተና አይሆንም

የሴሚስተር መጨረሻ ሲቃረብ የጅማ ፎቶኮፒ ቤቶች ይጨናነቃሉ። ከሚባዙት ወረቀቶች አንዱ የላብ ሪፖርት ነው። የዘንድሮ አይደለም፤ ሲኒየሮች ያወረሱት ነው። ዓላማው፣ የዕቃው ዝርዝር፣ አሠራሩ፣ ውጤቱ፣ መደምደሚያው ሁሉ ተሞልቷል። ተማሪው የሚቀይረው ስሙንና የአይዲ ቁጥሩን ብቻ ነው። ውጤት የሚለው ሥር ያለውን ቁጥር እሱ አልለካውም። ምናልባት ያወረሰው ልጅም አልለካው ይሆናል።

ያው ተማሪ ትንሽ ቆይቶ ለተግባር ፈተና ብቻውን ጠረጴዛ ፊት ይቆማል። ቢዩሬት (ከሥሩ ቧንቧ ያለው ባለ መስመር ረጅም የመስታወት ቱቦ)፣ ፒፔት (ፈሳሽ መጥጦ መለኪያ)፣ ፍላስክ፣ ሁለት ጠርሙስ። ጀምር ይባላል። ሰዓት ይያዝበታል።

ይህ ፍትሐዊ አይደለም። ዓመታት ኬሚስትሪ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ የተግባር ፈተና ይቅር የምል አይደለሁም። እንዲያውም ይብዛ። ግን ፈተና የሚመጣው ከማስተማር በኋላ ነው። እጁ ዕቃውን ነክቶ የማያውቅን ልጅ «ለምን አልቻልክም» ማለት የኮሌጁን ጉድለት በልጁ ትራንስክሪፕት ላይ መጻፍ ነው።

የእህቴ ልጅ እዚሁ ከተማ አንድ ኮሌጅ ትማራለች። ባለፈው ሴሚስተር ፈተናው ሲደርስ ደብተሯን ይዛ ቤት መጣች። ቢዩሬቱን በእርሳስ አሳምራ ስላዋለች፤ መስመሮቹ ሳይቀሩ አሉ። ኤም ዋን ቪ ዋን የሚለውን ቀመር በቃሏ ታነበንባለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አጎቴ፣ ይሄ ቧንቧ በየት በኩል ነው የሚዞረው?» አለችኝ። አዘንኩ፤ በእሷ ግን አይደለም። ሴሚስተሩን ሙሉ ላብ የገቡት በጣት ለሚቆጠር ቀን ነበር። በገቡበትም ቀን ክፍሉ በሙሉ አንድ ጠረጴዛ ከቦ ይቆማል። ፊት የቆሙት ሁለት ልጆች ይሠራሉ። ኋላ ያሉት ቁጥሩን ይገለብጣሉ። አልቋል።

ታይትሬሽን፣ ማለትም ፍላስክ ውስጥ ባለ አሲድ ላይ ከቢዩሬት ቤዝ (ለምሳሌ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ) በጠብታ እየጨመሩ ስንት እንደፈጀ መለካት፣ አይተኸው የምትማረው ነገር አይደለም። ቢዩሬቱ በውሃ ታጥቦ እርጥብ ከሆነ፣ የሚሞላበት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይቀጥናል። ስለዚህ መጀመሪያ በራሱ በሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ መለቅለቅ አለበት። ፍላስኩ ግን በአሲድ አይለቀለቅም፤ ውሃ ይበቃዋል። ከቧንቧው ሥር የአየር አረፋ ተደብቆ ከነበረና መሃል ላይ ከወጣ፣ ያልፈሰሰ ፈሳሽ እንደፈሰሰ ሆኖ ይቆጠራል። የቢዩሬት ዜሮ ያለው ከላይ ነው። ያልለመደ ሰው እንደ መደበኛ መለኪያ ከታች ወደ ላይ ያነባል፤ 24.60 ማለት ሲገባው 25.40 ይላል። ማብቂያውን በቀለም የሚያሳየው ፌኖልፍታሊን ደግሞ ለጥቂት ሰከንዶች ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሆኖ ሲቆይ ነው የሚቆመው። ድምቅ ካለ አልፎሃል፤ እንደገና ነው። ጣት ቧንቧውን በጠብታ ልክ መክፈት የሚለምደው አበላሽቶ እየደገመ ነው። እነዚህ ልጆች የተነፈጉት የማበላሸት ዕድል ነው። የመጀመሪያ ስህተታቸውን የሚሠሩት ማርክ የሚያዝበት ቀን ነው።

ነገሩ የጀመረው ኮሌጅ ውስጥ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ (በቴሌቪዥን የሚሰጥ ትምህርት) ሲገባ ሙከራው በስክሪን ሆነ። ተማሪው የሌላ ሰው እጅ ሲሠራ አይቶ ደብተሩን ዘጋ። የ12ኛ ክፍል ፈተና የምርጫ ጥያቄ ነው። የ2014 ዓ.ም.ን ፈተና ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ አገር ሙሉ ደነገጠ። ያ ፈተና እንኳን ማንንም ፒፔት አላስያዘም። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተናም እንደዚሁ ምርጫ ነው። ሽምደዳ ከላይ እስከ ታች ያሻግራል። ከ2001 ጀምሮ ለዓመታት 70 በመቶው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ሲባል፣ ለዚያ ሁሉ ልጅ የሚበቃ ጠረጴዛ አለ ወይ ብሎ አጥብቆ የጠየቀ ጥቂት ነው።

መምህራኑን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። ኬሚካል በውጭ ምንዛሬ ነው የሚገዛው። መብራት ይጠፋል። አንድ የላብ ቴክኒሻን በርካታ ክፍል ይይዛል። ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን ለፈተናው ቀን የተገኘ ኬሚካል ለልምምድ ለምን አይገኝም? የፈተና ቀን ለተማሪው ሁሉ የሚበቃ ቢዩሬት ከስቶር ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሴሚስተሩን ሙሉ ካርቶን ውስጥ ነበር። እንዳይሰበር ነው ይላሉ። ይሰበር! መስታወት ለዚህ ነው የተገዛው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ኤፍ አይደለም። ኤፍ ይደገማል። የሚያስፈራኝ ያ ፎቶኮፒ ነው። ያልለኩትን ለካን ብሎ መጻፍ ልማድ ይሆናል። ልማዱ ደግሞ ከምረቃ በኋላ አይለቅም።

ጅማ ላይ ይህ የሩቅ ነገር አይደለም። ዙሪያችን ያለው መሬት በብዛት አሲዳማ ነው። ገበሬው ኖራ ማልበስ አለበት፤ ምን ያህል የሚለውን የሚነግረው የአፈር ምርመራ ነው። አፈሩ ይደርቃል፣ ይነፋል፣ ይመዘናል፣ ከውሃ ጋር ይበጠበጣል፣ ፒኤች ሜትሩ (የአሲድነት መለኪያው) በባፈር (ፒኤቹ በታወቀ ፈሳሽ) ይስተካከላል፣ ከዚያ ይነበባል። ባለሙያው ሜትሩን ሳያስተካክል ቢያነብ ወይም የጎረቤት ቀበሌን ቁጥር ቢገለብጥ፣ ሳይማር ያስተማረው ገበሬ በብድር የገዛውን ኖራ በከንቱ ይበትናል። የአገሪቱ የቡና ምርምር ማዕከል እዚሁ አፍንጫችን ሥር መልኮ ነው። ነገ እዚያ ነጭ ጋዋን የሚለብሱት፣ የጤና ጣቢያውን ማይክሮስኮፕ የሚይዙት፣ የእናቴን ደም የሚመረምሩት የዛሬዎቹ ልጆች ናቸው። ሌላ የሉንም።

የሚያስፈልገው ሰማይ የሚያስቧጥጥ አይደለም። ከፈተናው በፊት ባሉት ሁለት ቅዳሜዎች ላቡ ይከፈት። እያንዳንዱ ተማሪ ብቻውን፣ ከጓደኛው ትከሻ ጀርባ ሳይሆን፣ አንድ ጊዜ እንኳ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሥራ። ኬሚካል ካነሰ በትንሽ መጠን ይሠራ፤ 10 ሚሊ ሊትርም ያስተምራል። ያልተሠራ ሙከራ ከፈተናው ይውጣ። ውጤቱ ቢጣመምም ያገኘውን በሐቀኝነት ጽፎ ለምን እንደተጣመመ ላስረዳ ተማሪ ማርክ ይሰጠው። ሲኒየር ያወረሰውን ቆንጆ ቁጥር ከገለበጠው ይልቅ ይህኛው ተምሯል።

ፈተና ለደረሰባችሁ ልጆች ደግሞ፦ ዝም አትበሉ። ግን በየዶርሙ ከማጉረምረም በክፍል ተወካያችሁ በኩል ጻፉ። ማመልከቻው አጭር ይሁን። ማንዋሉ ላይ ካሉት ሙከራዎች በእጃችሁ የሠራችሁት የትኛውን እንደሆነ፣ ያልሠራችሁት የትኛውን እንደሆነ በቁጥር አስቀምጡ። ስሜት ሳይሆን ዝርዝር ነው ዲፓርትመንት የሚያነበው። ሁላችሁም ፈርሙ፤ አንድ ልጅ ብቻውን ጥርስ እንዳይነከስበት።

መልስ እስኪመጣ እጃችሁን አፍታቱ። ከመርካቶ ትንሽ ከርከዴ ግዙና በሙቅ ውሃ ዘፍዝፉት። ቀዩን ውሃ አቼቶ ላይ ጠብ አድርጉ፤ ደማቅ ቀይ ይሆናል። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጡና መርፌው በወጣ ንጹሕ ሲሪንጅ በጠብታ ጨምሩ። ይኩረፈረፋል፤ እያማሰላችሁ ቀጥሉ። ቀይነቱን ሲለቅ አቁሙና ስንት እንደወሰደ ጻፉ። እኩል አቼቶና ያንኑ የሶዳ ውሃ ይዛችሁ ሦስት ጊዜ ድገሙት። ሦስቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡ እጃችሁ መልመድ ጀምሯል ማለት ነው። የእህቴ ልጅ ማድ ቤት ውስጥ እንዲህ ስትሠራ አመሸች። መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ቁጥሮቿ ተራራቁ። የቱ ትክክል እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ሁለቱንም ጻፊ አልኳት።