የውሃው ስም

አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ከምኖርበት ቤት ጥቂት እንደተራመድኩ ሰፊ ሐይቅ አለ። ወደ ከተማዋ ስመጣ ካልሁን ይባል ነበር፤ ለባርነት ሽንጡን ገትሮ በተከራከረ ፖለቲከኛ ስም። እ.ኤ.አ. በ2018 የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ዳኮታዎች ሐይቁን ወደሚጠሩበት ስም ተመለሰ፤ ብዴ ማካ ስካ። ብዴ ሐይቅ፣ ማካ ምድር፣ ስካ ነጭ ማለት ነው። ተቃዋሚዎች ነገሩን እስከ ግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወስደውት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 አዲሱ፣ ማለትም ጥንታዊው ስም ጸና። የከተማዋ የራሷ ስም ግማሹ ዳኮታ፣ ግማሹ ግሪክ ነው፤ ምኒ ውሃ፣ ፖሊስ ከተማ።

የፊንፊኔን ትርጉም ያወቅሁትም እዚያው ሐይቅ ዳር ነው። ካዛንቺስ ተወልጄ ፍልውሃ እየታጠብኩ አደግሁ፤ ትርጉሙን የነገረኝ ግን አብሮኝ የሚሠራ የወለጋ ልጅ ነው። «ከምድር ፊን እያለ የሚወጣ ውሃ ነው» ሲለኝ ደነገጥኩ። እኛስ ውሃ ከተሰነጠቀ ቧንቧ ሲወጣ ፊን አለ አይደል የምንለው? ኦሮሞው ውሃው ሲፈናጠቅ አይቶ ፊንፊኔ አለ፤ አማራው ሲፈላ አይቶ ፍል ውሃ አለ። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያሉት ይህንኑ ስፍራ ነው። አንድ ምንጭ በሁለት ቋንቋ ያየውን ሁሉ ሲያስደንቅ ኖሯል፤ እኔ ይህን ሳላውቅ አርባ ዓመት መሙላቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ዘንድሮ ለዕረፍት ስመጣ ፍልውሃ አጠገብ ካለው ድልድይ ላይ ቆምኩ። የወንዙ ዳር በድንጋይ ተነጥፎ፣ ሣርና አበባ ተተክሎበት አምሯል። ስሙን የሚናገር ሰሌዳ ፈልጌ አጣሁ። ሊስትሮውን ጠየቅሁት።

«ይሄ ወንዝ ማን ይባላል?»

«ወንዝ ነዋ፣ ጋሼ።»

ጫማ ሊያስጠርጉ የተቀመጡ ሽማግሌ ቀና አሉ። «ባንትይቀጡ ነው፣ ልጄ። ወደ ላይ ብትሄድ ደግሞ ቀበና አለልህ።»

ቀበና በኦሮምኛ ቅዝቃዜ ነው። በእግር በሚደረስ ርቀት፣ በአንድ ከተማ፣ የሚፈላው ውሃም የሚቀዘቅዘው ውሃም እንደ ጠባዩ ስም አለው። ይህን የሚያህል ሀብት ይዘን ሰሌዳ አለማቆማችን ያሳዝነኛል።

በጆሮ ብቻ መተማመን ግን ያሳስታል። ታክሲ ውስጥ አንድ ወጣት ለገሃር የጥንት ወንዝ ስም እንደሆነ በልበ ሙሉነት ሲያስረዳ ሰማሁት። ምክንያቱ መጥፎ አይደለም፤ ለገ በኦሮምኛ ወንዝ ነው፣ ለገጣፎና ለገዳዲም ምስክር ናቸው። ለገሃር ግን ከባቡሩ ጋር የመጣ ፈረንሳይኛ ነው፤ ላ ጋር፣ ጣቢያው። የእኔ ካዛንቺስም ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሩት ቤት የቀረ ስም ነው። ወጣቱን ላርመው ስል ወረደ።

በአሜሪካ ያየሁት ሁሉ አያስቀናም። አብዛኞቹ ዳኮታዎች እ.ኤ.አ. በ1863 በወጣ ሕግ ከሚኒሶታ ተባረዋል፤ ስሙ የተመለሰው ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እኛ ዘንድ ግን ስሙን ያወጣው ቋንቋ በሕይወት አለ፤ ገበያ ይገበያዩበታል፣ ልጅ ያሳድጉበታል። የጣፎ ገበሬ፣ የጉለሌ አዛውንት ተጠይቀው ይመልሳሉ። ሰሌዳው ላይ ስሙ በሁለቱም ቋንቋ፣ ትርጉሙም ከሥሩ ቢጻፍ ምን ያህል ያስወጣል?

ሽማግሌው ጫማቸው ተጠርጎ ሲነሱ ልጁ ቡሩሹን እያራገፈ «ባንት... ምን አሉኝ፣ አባባ?» አላቸው። ደገሙለት። እሱም ወደ ውሃው ዞሮ ቀስ ብሎ ጠራው።