እርማት፦ ጠዋት ጠልቆ ማታ መብረር

«ጅቡቲ ስትሄዱ በአየር ሲሊንደር የሚደረገውን ጥልቅ ዋና ለመጨረሻው ቀን አቆዩት፤ ጠዋት ጠልቃችሁ ማታ አዲስ አበባ ትገባላችሁ» የሚለው ምክር በቅን ልቦና የተሰጠ ቢሆንም ስሕተት አለበት። በባሕሩ ግፊት ወደ ሰውነት የገባው ናይትሮጅን ሳይወጣ የአየር ግፊቱ ዝቅ ወደሚልበት ከፍታ ከተደረሰ፣ ክዳኑ ድንገት እንደተከፈተ ለስላሳ መጠጥ አረፋ ይሠራና መገጣጠሚያን ከማሳመም አልፎ ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ለጠላቂዎች ደኅንነት የሚሠራው የዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ ድርጅት መመሪያ ከመብረር በፊት ከአንድ ጥልቅ ዋና በኋላ ቢያንስ 12፣ ከተደጋገመ ደግሞ 18 ሰዓት መቆየትን ይመክራል፤ መመሪያውን ራሳችሁ ልታዩት ወይም አስጠላቂያችሁን ልትጠይቁ ትችላላችሁ። (አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ሰዓቱ ሳይሞላ በመኪና መመለስም ማምለጫ አይሆንም።) በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከዌል ሻርክ (ግዙፍ የሻርክ ዓይነት) ጋር በመተንፈሻ ቱቦ ብቻ ውኃው ገጽ ላይ ለሚዋኝ ሰው ግን ይህ ገደብ ስለማይሠራ፣ ለመጨረሻው ቀን የሚመቸው እርሱ ነው።