ማስተካከያ፦ አንድ ደረቅ ሰሞን የአየር ንብረት አይደለም

ባለፈው ጽሑፌ «ሰሞኑን አዳማ ላይ ዝናቡ ጠፋ፣ ሙቀቱም ባሰ፤ የከተማችን የአየር ንብረት ተቀይሯል ማለት ነው» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ።

ሁለት ነገር ነው ያምታታሁት። የአየር ሁኔታ ማለት ጠዋት ጃኬት ያስለበሰን፣ ከሰዓት ደግሞ ያስወለቀን ነገር ነው። በሰዓታት ውስጥ ይለዋወጣል። የአየር ንብረት ግን የአንድ ቦታ የረጅም ጊዜ ጠባይ ነው። የዓለም ሜትዮሮሎጂ ድርጅት የሚመክረው መለኪያ የ30 ዓመት አማካይ ነው፤ የቅርቡ ከ1991 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ያለው ነው። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ዝናብ መጥፋቱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ዓለም እየሞቀች መሆኗ እውነት ነው፤ የታወቀው ግን በብዙ አሥርት ዓመታት ልኬት ነው። ይህን ለይቼ መጻፍ ነበረብኝ፤ እንዲህ ያለ ወሬ ሰምቶ ዘሩን መቼ እንደሚዘራ የሚወስን ገበሬ አለና።

«አዳማ የምትሞቀው በረሃ ስለሆነች ነው» ያልኩትም ልክ አይደለም። በረሃ አይደለችም። ከአዲስ አበባ የምትሞቀው በዋናነት በከፍታ ልዩነት ነው። ወደ ላይ ሲወጣ የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ሽቅብ የሚወጣ አየር ይሰፋና ይቀዘቅዛል። በአማካይ በየ1000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይወርዳል። አዲስ አበባ ከአዳማ በ700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ይህ ብቻውን ከ4 ዲግሪ በላይ ነው። ከቢሾፍቱ ወዲህ ሹራባችንን የምናወልቀው ለዚህ ነው።