ማስተካከያ፦ ስለ ውሻና ሰገራ የጻፍኩት

ባለፈው «ውሻ ሰገራ የሚበላው ምግቡ ቫይታሚን ስለጎደለው ነው፤ ሰገራው ላይ በርበሬ ነስንሱ» ብዬ ጽፌ ነበር። ሁለቱም መታረም አለባቸው።

የምግብ ጉድለት አንዳንዴ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ዋናው ግን እሱ አይደለም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የእንስሳት ሐኪሞች በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ከ6 ውሾች 1 ያህሉ ይህን ደጋግሞ እንደሚያደርግ አሳይቷል። የሚመርጡትም ትኩሱን ነው፤ ሁለት ቀን ያልሞላውን። ከሚበሉት ምግብ ዓይነት ጋር ግን ግንኙነት አልተገኘም። ሆዳሞቹና ከሌላ ውሻ ጋር የሚኖሩት ይብስባቸዋል። የወለደች እናትማ የቡችሎቿን እየላሰች ማጽዳቷ ተፈጥሮዋ ስለሆነ እሷን ተዋት።

በርበሬውስ? በዚያው ጥናት ለዚሁ ተብለው የሚሸጡት ዱቄትና እንክብሎች የረዱት ቢበዛ 2 በመቶ ለሚሆኑት ነው። ሰገራ ላይ የሚያቃጥል ነገር መነስነስም እምብዛም አልሠራም። የኔም ምክር በርበሬ ከማባከን ያለፈ ጥቅም አልነበረውም ማለት ነው።

የሚሻለው አሰልቺው መንገድ ነው። ውሻው እንደተጸዳዳ ሰገራውን ወዲያው አንሱ። ከግቢ ስትወጡ በገመድ ያዙት። እንደጨረሰ በስሙ ጥሩት፤ ሲመጣ ቁራሽ ሥጋ ስጡት። አትጩኹበት፣ አትምቱት። እንዲያ ካደረጋችሁ እንዳይቀማ ፈርቶ ቶሎ መዋጥ ይለምዳል።

አንድ ነገር ደግሞ ጭራሽ ዘልዬው ነበር። ያደገ ውሻ ሰገራ መብላት ድንገት ከጀመረ፣ በተለይ እየበላ ከከሳ፣ ሐኪም ጋ ውሰዱት። የሆድ ትል፣ የቆሽት ችግር፣ ወይም የስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል።